የበጋ ጓሮ የሚቸገረው በውሃ ብቻ አይደለም፦ ስለ አዲስ አበባ ሌሊቶች የቀረበ ምላሽ

በአዲስ አበባ ስለ ጓሮ አትክልት በተወራ ቁጥር የማይቀር አንድ አስተያየት አለ። ኢትዮጵያ የሐሩር ክልል አገር ስለሆነች ዕፅዋትን ከእድገት የሚገታ የብርድ ወቅት የላትም ይላል። ከኅዳር እስከ ጥር ችግኙ አላድግ ቢል፣ ቲማቲሙ አበባውን ቢያራግፍ፣ በሶብላው ቢጠቁር ምክንያቱ የዝናብ መቅረት ነው፤ ውሃ ያለው ሰው ግን መስከረምም ሆነ ታኅሣሥ የፈለገውን ተክሎ ማሳደግ ይችላል። ይህን ከችግኝ ሻጮች ሰምቻለሁ፤ ከጎረቤቶች ሰምቻለሁ፤ ሙያውን በትምህርት ከሚያውቁ ሰዎችም ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን የብዙ ሰው ድካም ከንቱ እንዲቀር እያደረገ ስለሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

አስተያየቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ስለዚህ በጠንካራ ጎኑ ልየው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ በወር 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢገኝ ነው። የቀኑ ሙቀትም ለአስተያየቱ ይመሰክራል። በበጋ ቀትር ላይ 22 ወይም 23 ዲግሪ ሲደርስ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከ21 እምብዛም አያልፍም። ቀኑን ብቻ ለሚመለከት ሰው የብርድ ወቅት አለ ከተባለ እንኳ ክረምቱ ነው።

የሊቃውንት ድጋፍም አለው። ጀርመናዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ካርል ትሮል በሐሩር ክልል ከፍተኛ ቦታዎች በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው እንደሚበልጥ አስተምሯል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኦሎቭ ሄድበርግ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ግዙፍ ዕፅዋት ይህን የየዕለት የሙቀትና የብርድ ፍርርቅ እንዴት ተቋቁመው እንደሚኖሩ ገልጿል። ከእነዚህ ሥራዎች ተነስቶ፣ በእኛ ዘንድ ዓመቱን የሚከፍለው ዝናብ ብቻ ነው፣ ብርዱ ሁልጊዜ ያው ነው ወደሚል መደምደሚያ መድረስ ቀላል ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁበት የ13 ወር ፀሐይ መፈክር ደግሞ ሐሳቡን በሁላችንም አእምሮ ውስጥ አጽንቶታል።

ነገር ግን የየዕለቱ ልዩነት ከወራቱ ልዩነት ይበልጣል ማለትና ወራቱ አይለያዩም ማለት አንድ አይደለም። ሄድበርግ በዋናነት ያጠናቸው ተራሮች፣ ኬንያ፣ ኤልጎን፣ ሩዌንዞሪ፣ ኪሊማንጃሮ፣ ለምድር ወገብ የቀረቡ ናቸው። የአዲስ አበባን ሌሊቶች ለብቻ ወስደን ስናያቸው ዓመቱ በግልጽ ይከፈላል። በሐምሌና በነሐሴ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ ከ10 እስከ 11 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከ7 እስከ 9 ይወርዳል፤ በአንዳንድ ዓመት ወደ ዜሮ የተጠጋበት ሌሊትም አለ። የቀንና የሌሊት ልዩነቱ ራሱ ከወቅት ወቅት ይለወጣል። በክረምት 10 ዲግሪ ያህል የነበረው በበጋ ወደ 15 ያድጋል። ቀኑ ከክረምት ይልቅ የሚሞቅበት ወር ሌሊቱ ከሁሉ የሚበርድበት ወር ነው።

ይህ የሚጋጭ ነገር አይደለም፤ ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ሰማይ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች። በክረምት ደመናው ላያችን ላይ እንደ ጋቢ ተደርቦ ከሚወጣው ሙቀት ብዙውን ይመልሰዋል። በበጋ ደመና የለም። አየሩም ደረቅ ነው፤ ሙቀት ይዞ ወደ ምድር የሚመልሰው የውሃ ተን አነስተኛ ነው። ከተማዋ ያለችበት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ደግሞ የአየሩን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ስለሚያደርገው ከላያችን ያለው አየር ከመነሻውም ስስ ነው። እንግዲህ 13 ወር ሙሉ የምናመሰግነው ፀሐይ የሚያበራበት ጥርት ያለ ሰማይ ማታ የጓሮውን ሙቀት ያለ ከልካይ ያስወጣል። ፀሐያማነታችንን የብርድ አለመኖር ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ነገሩን መገልበጥ ነው።

በዚህ ላይ ስለ መለኪያው ማንሳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ክርክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የሜትሮሎጂ ጣቢያ ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከላይ ክዳን ባለው አየር በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ ነው። ሰላጣ የሚኖረው ግን መሬት ላይ፣ ፊቱን ለሰማይ ሰጥቶ ነው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ቅጠሉ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በሣጥኑ ያለው መለኪያ 3 ወይም 4 ዲግሪ እያሳየ ሣሩ ላይ አመዳይ ሊያድር ይችላል። «ትናንት ሌሊት ዜሮ አልደረሰም» የሚለው መረጃ ትክክል ሆኖ ሳለ የጓሮውን ሁኔታ ላይነግረን ይችላል።

ለእኔ ክርክሩን የለየልኝ የገዛ ጓሮዬ ነው። በአንድ ጎማ የሚጠጡ፣ አፈራቸውና ፍጋቸው አንድ የሆነ፣ የተዘራባቸውም ያው የሆነ መደቦች አሉኝ። አንዱ በቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ከታዛው በታች ነው፤ ሌላው በግቢው መካከል ሰማይ ብቻ ከላዩ ያለው ነው። በመስከረምና በጥቅምት በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላይም፤ እንዲያውም የመካከለኛው ብርሃን ስለሚያገኝ ይቀድማል። ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በመካከለኛው መደብ የቃሪያው ቅጠል ይጠወልጋል፤ በሶብላው እንደ ተቀቀለ ይጠቁራል፤ የዱባው ጫፍ ቆሞ ይቀራል። በታዛው ሥር ያሉት ቀስ ይላሉ እንጂ አይጎዱም። ውሃው አንድ ነው። የተለየው ሌሊት ላይ ከላያቸው የሚታየው የሰማይ ስፋትና ቀን ፀሐይ የጠጣው ግድግዳ መልሶ የሚሰጣቸው ሙቀት ነው።

ይህን ለመረዳት አመዳይ ማየት አያስፈልግም። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ በሶብላ ከሞቃት አገር የመጡ ናቸው፤ ቅጠላቸው በረዶ ሳይሠራ፣ ሙቀቱ ከዜሮ እጅግ ርቆም ይታመማሉ። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን የቲማቲም የአበባ ዱቄት ሥራውን በደንብ መሥራት ያቅተዋል፤ አበባው ሳያፈራ ይረግፋል። የአዲስ አበባ የበጋ ሌሊቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ በታች ይወርዳሉ። ቲማቲም በበጋ አይበቅልም ማለቴ አይደለም። በክረምት ቅጠሉንና ፍሬውን የሚያጠቁረው የሻጋታ በሽታ በበጋ ስለሚታገሥ ብዙዎች በበጋ መትከልን ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም ጥሩ ነው። ነገር ግን ከአንዱ ጠላት ሸሽተን ወደ ሌላው እየገባን መሆኑን ካላወቅን መድኃኒቱን እንስታለን።

መድኃኒቱን መሳት የማይረባ ነገር እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ዱባ፣ ኪያርና መሰሎቻቸው ሥራቸው በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ሲሆን ውሃ የመሳብ አቅማቸው ይደክማል። ጠዋት ፀሐይዋ ስትበረታ ቅጠሉ ውሃ ይጠይቃል፤ ሥሩ ግን አያደርስም። ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። የበጋ ችግር ውሃ ብቻ ነው የተባለ ሰው ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ተጨማሪ ውሃ ያፈስበታል። የቀዘቀዘው አፈር ይበልጥ ይጨቀያል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። ችግኙ በውሃ ጥም ሞተ ተብሎ ይነቀላል። ለመጠጥ ውሃ ተራ በሚጠበቅባት ከተማ በዚህ መንገድ የሚፈሰው ውሃ ቀላል ነገር አይደለም።

የአስተያየቱ ደጋፊዎች በዚህ ጊዜ ከፍታን ይጠቅሳሉ። ብርዱ የደጋና የውርጭ ጉዳይ ነው፣ ውርጭ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ አዲስ አበባ በወይና ደጋና በደጋ ድንበር ላይ ያለች ናት ይላሉ። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለው አከፋፈል ገበሬው በረጅም ዘመን ያዳበረው ትልቅ እውቀት ነው፤ ለሰብል ምርጫ ዛሬም ከእርሱ የተሻለ አጭር መመሪያ አላውቅም። ይሁን እንጂ የሚነግረን ስለ አገር ነው፤ ስለ አንድ ግቢ አይደለም። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል የሚለው ደንብም የሚሠራው አየሩ ሲደባለቅ ነው። ነፋስ በሌለበት የበጋ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይም ይከማቻል። ስለዚህ ከኮረብታው ወገብ ይልቅ የሸለቆው ወለል ሊበርድ ይችላል። በወንዝ ዳር ያለ ጓሮ ከእርሱ በላይ ካለው ሰፈር ቀድሞ የሚመታው ለዚህ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው የግቢውን አጥር በሌላ ዓይን ያያል። ከተማችን ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ናት፤ ብዙ ግቢም እንዲሁ። ከታችኛው ወገን በግንብ ወይም በቆርቆሮ ጥርቅም ተደርጎ የታጠረ ግቢ የወረደውን ቀዝቃዛ አየር ይገድበዋል፤ መውጫ የለውምና እዚያው ያድራል። በአጥሩ ሥር የተተከለው አትክልት ከሁሉም ይጎዳል። ቀዝቃዛው አየር የሚወጣበት ከታች ክፍተት ያለው አጥር ወይም ቁጥቋጦ ይሻላል። ሁለቱ አጥሮችም እኩል አይደሉም። የድንጋይ ግንብ ቀን የያዘውን ሙቀት እስከ ሌሊት ይቆጥባል፤ ቆርቆሮ ግን ስስ ስለሆነ ፀሐይ እንደ ጠለቀች ይቀዘቅዛል። ዳገታማ ግቢ ያለው ሰው ቃሪያውን በላይኛው ወገን በግንቡ ሥር፣ ጎመኑን በታችኛው ወገን ቢተክል ያለ ምንም ወጪ ብዙ ያተርፋል።

ጉዝጓዝን በተመለከተም የተለመደው ምክር መታረም አለበት። በደረቅ ሣርና ጭድ መደቡን መሸፈን ትነትን ይቀንሳል፤ ውሃ ብቻ ነው ችግሩ ለሚል ሰው ምክሩ ፍጹም ነው። ነገር ግን ያው ደረቅ ሽፋን ቀን ሙቀቱ ወደ አፈሩ እንዳይገባ፣ ሌሊትም አፈሩ የያዘው ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ይከለክላል። ከጭዱ በላይ ያለው ቅጠል ባዶ አፈር ላይ ካለው ይልቅ በውርጭ ይመታል። እርጥብ፣ ጠጠር ያለና ያልተሸፈነ አፈር ሙቀት ይበልጥ ይይዛል፣ ይበልጥም ያስተላልፋል። በዚህ ረገድ ውሃ ራሱ የብርድ መከላከያ ይሆናል፤ ማጠጫ ሰዓቱ ግን ማታ ሳይሆን ረፋድ ላይ ነው፣ አፈሩ የቀኑን ሙቀት ለመሰብሰብ ጊዜ እንዲያገኝ። እኔ ለብርድ በማይበገሩት ጎመንና ካሮት ሥር ጉዝጓዙን እተዋለሁ፤ ከቃሪያና ከሰላጣ ችግኝ ሥር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ አነሳዋለሁ። ትነቱ ይጨምራል፤ አውቄ የምከፍለው ዋጋ ነው።

ስለ ጭስም አንድ ነገር። አትክልትን ከውርጭ ለማዳን ማታ ቅጠላ ቅጠል የማጨስ ልማድ አለ። ከእሳቱ የሚወጣው ሙቀት ጥቂት ይረዳል፤ ጭሱ ግን ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ለማስቆም ብናኞቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው። ለሳንባም ለጎረቤትም ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። በቅጠሉ ላይ ሳያርፍ በእንጨት ላይ የተዘረጋ አሮጌ አንሶላ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ከብዙ ጭስ ይበልጣል።

የቀን ርዝመት ብዙም አይለወጥም የሚለውን ነጥብ ዕፅዋቱ ራሳቸው ይመልሱታል። በብዙ ግቢ አጥር ላይ ያለውን ፖይንሴቲያ እንውሰድ። ከሜክሲኮ የመጣው ይህ ቁጥቋጦ የላይ ቅጠሎቹ የሚቀሉት ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ ቀኑ ከ12 ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ካለ ርዝመት በታች መውረዱን ይጠብቃል። በአዲስ አበባ አጭሩ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል ያን ያህል አይበልጥም፤ ረጅሙ ደግሞ ከ12 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ለእኛ ኢምንት የሆነችው ያቺ አንድ ሰዓት ለፖይንሴቲያው በቂ ናት፤ መስከረም ላይ ተገንዝቧት በኅዳርና በታኅሣሥ ይቀላል። ብናጠጣውም ባናጠጣውም ጊዜውን ያውቃል።

ፍራፍሬ ላይ ግን ጉዳዩ ለእኔም ቀላል አይደለም። ኮክና አፕል ከእንቅልፋቸው ነቅተው በሥርዓት እንዲያብቡ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች የሆኑ ብዙ ሰዓታት ይፈልጋሉ፤ ጥቂት ሰዓት የሚበቃቸው ዝርያዎች አሉ። በጋሞ ደጋ በጨንቻ ከሚታወቁት መካከል በእስራኤል የተዳቀለው አና እና ከባሃማስ የመጣው ዶርሴት ጎልደን ይገኙበታል። እነዚህ ዝርያዎች በደጋችን ማፍራታቸው የሌሊቱ ብርድ የሚሠራ ኃይል መሆኑን ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ተቃራኒ ማስረጃ መኖሩን ግን መደበቅ አይገባም። በኢንዶኔዥያ በምሥራቅ ጃቫ ደጋዎች ገበሬዎች አፕሉን ከለቀሙ በኋላ ቅጠሉን በእጅ አራግፈው ዛፉ ሳይተኛ እንደገና እንዲያብብ ያደርጋሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ይለቅማሉ። ብርድ ብቸኛው ቁልፍ አይደለም ማለት ነው። በእኛ ጓሮ በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፈው ኮክ ለድርቁ ነው ወይስ ለብርዱ የሚለውም እንዲሁ በዓይን ብቻ አይለይም፤ ሁለቱ በአንድ ወር ይመጣሉና። በዚህ ነጥብ ላይ የተቃራኒው ወገን ክርክር ክብደት አለው።

ሌላም የምቀበለው አለ። የበጋችን ብርድ ነፍሳትን አያጠፋም። ዝናብ የሚያጥብለት ያጣ ጎመን በክሽክሽ የሚወረረው በዚህ ወቅት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት፣ በሣሩ ላይ ጭራቸውን እያወዛወዙ የሚራመዱት ቢጫ ደረት ወፎችም እዚህ ነፍሳት አግኝተው ይከርማሉ። የእኛ ሌሊት ከእነርሱ አገር ክረምት ጋር አይወዳደርም። እኔም እኩል ነው አልልም፤ ለተከልነው ተክል ግን ወሳኝ ነው እላለሁ።

ወሳኝ የሚሆነው ደግሞ በጉዳት ብቻ አይደለም። ጎመንና ካሮት በብርድ ጊዜ በውስጣቸው ስኳር ያከማቻሉ፤ የታኅሣሥ ጎመን የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ሰላጣና ድንብላል በሙቀት ቶሎ ወደ አበባ ይሮጣሉ፤ በቀዝቃዛ ሌሊት ቅጠላቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ይሰጣሉ። ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ በዚህ ወቅት ደስተኞች ናቸው። ብርድ የለም የሚለው አስተያየት ይህንንም ይሰውርብናል። የሌማት ትሩፋትና የከተማ ግብርና መርሐ ግብሮች በየግቢው መደብ እንዲዘጋጅ በሚያበረታቱበት በዚህ ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተክል ቤተሰብ በኅዳር ቃሪያና ዱባ ተክሎ ተስፋ ከሚቆርጥ ጎመንና ካሮት ተክሎ ቢበላ እጅግ ይሻላል። የቃሪያውን ችግኝ በታዛ ሥር አሳድጎ ብርዱ ሲያልፍ፣ ወደ የካቲት ገደማ፣ ወደ መደብ ማውጣት ይችላል።

በዚህ ምላሽ የማይስማማ ሰው ጉዳዩን በራሱ ጓሮ ሊፈትነው ይችላል፤ እንዲፈትነውም እለምናለሁ። ከኅዳር ጽዮን እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ፣ በግቢው መካከል ሁለት እኩል መደብ ያዘጋጅ፤ አፈሩም፣ የቃሪያው ችግኝም፣ ውሃውም አንድ ይሁን። አንዱን ፀሐይ ስትጠልቅ ቅጠሉን በማይነካ ጨርቅ ይሸፍን፣ ጠዋት ይግለጥ። ዝቅተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር በሁለቱም መደብ በቅጠሉ ቁመት ያኑር። ሁለቱ መደቦች እኩል ካደጉ ብርዱን አግንኜዋለሁ ማለት ነው፤ የተሸፈነው በግልጽ ከበለጠ ግን ውሃ ብቻ የሚለው ምክር አይቆምም። ጨርቁ ሌሊት ትነትንም ስለሚቀንስ በየሁለት ቀኑ ጣትን አፈር ውስጥ አስገብቶ እርጥበቱን ማወዳደር፣ ያልተሸፈነው ደርቆ ከተገኘ ውሃ ጨምሮ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የተሸፈነው የበለጠው በውሃ ነው የሚል ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል።